ፍሎርሻይም ኢምፔሪያል የሚባል የድሮ የአሜሪካ ጫማ በ20 ዶላር አገኘሁ፣ ሼል ኮርዶቫን ነው ወይስ የጥጃ ቆዳ? ሶሉንስ ላስቀይር?

የአርሊንግተኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ እዚሁ ሰፈር ኢስቴት ሴል ነበር፣ ሽማግሌው አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ አውጥተው እየሸጡ ነው፣ እኔ መሰርሰሪያ ልገዛ ነበር የገባሁት ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ካርቶን አየሁና ስከፍተው ወይን ጠጅ ሎንግዊንግ፣ ያ አፍንጫው ላይ ያለው በቀዳዳ ያጌጠ ክንፍ ጫማውን ዞሮ እስከ ተረከዝ የሚሄደው አይነት። ውስጡ በወርቅማ ፅሁፍ ፍሎርሻይም ኢምፔሪያል ይላል፣ ቁጥሩ 10 ዲ ነው፣ ታኮው ጥግ ላይ ደግሞ የቪ ቅርፅ ያላት ብረት ተቀብራበታለች። 20 ዶላር አሉኝ ከፍዬ ወጣሁ፣ መሰርሰሪያውማ እዛው ቀረ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ካርቶኑ ላይ ኮርዶቫን ይላል፣ ይሄ ሼል ኮርዶቫን የሚባለው የፈረሱ ነው? የስንት ዓመተ ምህረትስ ዕቃ ነው? ሌላው ሶሉ ጣት ጋ ሳስቷል፣ እዚህ ሞል ውስጥ ያለ አንድ ጫማ ጠጋኝ ሙሉውን አንስቼ ጎማ ሶል በማስቲሽ ልለጥፍልህ አለኝ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ጥር ላይ የወንድሜ ሰርግ አለ አዲሳባ፣ እሱን ላደርግበት ነው ሃሳቤ።

ሻምበል79፦
የሞተ ሰው ጫማ አድርገህ ሰርግ?? እናትህ ያውቃሉ? ሃሃሃ

የአርሊንግተኑ፦
ፀበል ረጭቼበታለሁ አታስብ። በናታችሁ ቁም ነገሩን መልሱልኝ

ባለፎርማ_ዩኬ፦
ወንድሜ ከሁሉም በፊት ማስቲሹ ይቅርብህ፣ እሱን ጫማ ለሚያውቁ ሰዎች እተወዋለሁ ግን ለዛ ሰውዬ እንዳትሰጠው።

ስለ ኮርዶቫኑ፣ ካርቶኑን አትመን። አሜሪካኖች ወይን ጠጅ ቀለሙን ራሱን ኮርዶቫን ነው የሚሉት ስለዚህ ንፁህ የጥጃ ቆዳ ሆኖም ኮርዶቫን ተፅፎበት ታገኘዋለህ፣ ኢቤይ ላይ ስንቱ በዚህ ተሸውዷል። እውነተኛው ሼል ከፈረሱ ቂጥ ላይ ነው የሚወጣው፣ ያውም የላዩ ቆዳ ሳይሆን ከስሩ ያለ ጠፍጣፋና ጥቅጥቅ ያለ ንብርብር ነው። ከአንድ ፈረስ ሁለት ሞላላ ቁራጭ ነው የሚገኘው፣ ዋጋው የሚሰቀለው ለዛ ነው። ይሄ ነገር ለምርመራ ይጠቅምሃል፣ የላዩ ፊት ስላልሆነ የፀጉር ቀዳዳ የለውም። የስልክህን ካሜራ አቅርበህ ጥሩ ብርሃን ላይ አንሳው፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ከታየህ የጥጃ ነው አለቀ።

ከዛ መታጠፊያውን እይ። የጥጃ ቆዳ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ብዙ ቀጫጭን መስመር ያወጣል፣ ሼል ግን አይሸበሸብም፣ ወፈር ወፈር ያለ ማዕበል ነው የሚሰራው። ሌላው ብዙ ዘመን ካርቶን ውስጥ የከረመ ሼል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከውስጥ ያወጣል፣ በማልፊያው የገባበት ሰምና ዘይት ነው የሚወጣው፣ ሰው ሻጋታ መስሎት ይጥለዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ብሩሽ ስታደርገው ከጠፋ ሰም ነው፣ ሻጋታ ከሆነ ሽታው ራሱ ይነግርሃል።

ለማንኛውም ሼል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፍሎርሻይም በ1892 (በፈረንጆቹ) ቺካጎ የተቋቋመ ነው፣ የሼል ንጉስ የሚባለው ሆርዊን ቆዳ ፋብሪካም ከ1905 ጀምሮ እዛው ቺካጎ ነው፣ ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል። ሆርዊን አንድ ሼል ለማልፋት ቢያንስ 6 ወር ነው የሚፈጅበት፣ የአሜሪካን ፉትቦል የኤንኤፍኤል ኳስ ቆዳም የነሱ ነው እንዳጋጣሚ።

ሰብለ_ሚኒያፖሊስ፦
ፍሎርሻይም ማለት ማይክል ጃክሰን በ1983 ሙንዎክ ሲሰራ ያደረገው አይደል? ጥቁር ሎፈር (ማሰሪያ የሌለው ጫማ) ነጭ ካልሲ

ባለፎርማ_ዩኬ፦
አዎ ሰብልዬ የፍሎርሻይም ሎፈር ነው። ለዛ ዳንስ የቆዳ ሶል ግድ ነው፣ በጎማ ሶል ሙንዎክ ሞክሪ እስቲ

የአርሊንግተኑ፦
እሺ አየሁት። ቀዳዳ የለም፣ አፍንጫው ላይም ጎኑ ላይም መስታወት ነው። መታጠፊያው ላይ ሁለት ሦስት ትልልቅ ማዕበል ነው ያለው። ነጩ ዱቄትም ነበር ክንፉ ስፌት ውስጥ፣ አሮጌ ቲሸርት አድርጌ ስጠርገው ሄደ ስሩ አብረቀረቀ። ካርቶኑ ላይ አድራሻው ቺካጎ ኢሊኖይ 60606 ይላል። ባርኮድ የለውም።

ባለፎርማ_ዩኬ፦
እንኳን ደስ ያለህ ሼል ነው በቃ። አልደን የሚባለውን የአሜሪካ ብራንድ አዲስ የሼል ጫማ ዛሬ ስትገዛ ከ700 ዶላር በላይ ነው፣ አንተ በሃያ።

ዘመኑን ካርቶኑ ነግሮሃል እኮ። አምስት አሃዝ ያለው ዚፕ ኮድ አሜሪካ ውስጥ የመጣው በ1963 ነው፣ ከዛ በፊት ቢሆን ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ነበር የምታየው። ባርኮድ ደግሞ ሱቅ ውስጥ መነበብ የጀመረው በ1974 ነው፣ ጫማ ካርቶን ላይ እስኪለመድ ግን ጊዜ ወስዷል ስለዚህ የላይኛው ወሰን ትንሽ ላላ ያለ ነው። ከ60ዎቹ አጋማሽ እስከ 70ዎቹ ብትል አትሳሳትም። ግን አንድ ነገር አረጋግጥ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርና ጫማው ውስጥ ገበሩ ላይ የተፃፈው ቁጥር አንድ መሆኑን። ሰው የሌላ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከቶ ማስቀመጥ ይወዳል።

ዘመኑ ለምን ያስጨንቃል ብትል ኢምፔሪያል የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይደለም። ፍሎርሻይምን በ1953 ሌላ ትልቅ የጫማ ድርጅት ገዛው፣ ያኔ እንኳን ጥራቱ ቆይቶ ነበር፣ እየቆየ ግን ወረደ፣ በ2002 ደግሞ ከስሮ ዌይኮ የሚባል ሌላ የጫማ ድርጅት ገዛው። ህንድ የተሰራ ኢምፔሪያልም አለ፣ መልኩ ያው ሎንግዊንግ ነው ቆዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ስም አይተህ አትግዛ፣ ገልብጠህ እይ።

ሌላ የአሜሪካ ጫማ ስታገኝ ደግሞ (ፍሎርሻይም ብቻ አይደለም፣ ኔትልተን አለ፣ ጆንስተን ኤንድ መርፊ አለ፣ ስቴሲ አዳምስ አለ) የሰራተኛ ማህበር ማህተም ፈልግ። የቡትና ጫማ ሰራተኞች ማህበር የሚባለው በ1895 ተመስርቶ በ1977 ከሌላ ማህበር ጋር ተዋህዶ ጠፍቷል። ማህተሙ ካለ ጫማው ከዛ በፊት ነው። የታኮው ጎማ ላይ ባለው ስም ግን ዘመን አትቁጠር፣ ታኮ ቶሎ የሚቀየር ነገር ነው፣ ጫማው የ50ዎቹ ሆኖ ታኮው የ80ዎቹ ሊሆን ይችላል።

ጫማ_ሰሪው፦
ልጆቼ እኔ ብዙ አልፅፍም ዓይኔም ደክሟል ግን የማስቲሹን ነገር ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ጫማ የተማርኩት አዲስ አበባ አንበሳ ጫማ ነው፣ ዳርማር ተወርሶ አንበሳ ከተባለ በኋላ ነው የገባሁት፣ አሁን ዳላስ ነኝ ጡረታ ወጥቻለሁ።

የዚህ ጫማ አሰራር ጉድይር ዌልት ይባላል። ከላይኛው ቆዳና ከሶሉ መሀል ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የቆዳ ጠርዝ አለ፣ ዌልት የሚሉት እሱ ነው። ላይኛው ቆዳ ከዌልቱ ጋር አንድ ጊዜ ይሰፋል፣ ሶሉ ደግሞ ለብቻው ከዌልቱ ጋር ይሰፋል፣ ሁለት የተለያየ ስፌት ነው። ስለዚህ ሶሉ ሲያልቅ የታችኛውን ስፌት ፈትተህ አዲስ ትሰፋለህ የላዩን ሳትነካ። ይሄ ሰው የሚልህ ግን ሶሉን ገንጥሎ ዌልቱን በማሽን ፍቆ ማስቲሽ መቀባት ነው። ዌልቱ ከተፋቀ የሚቀጥለው ሰው የሚሰፋበት ነገር አያገኝም። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው።

ሶሉ ሲነሳ ውስጡ ቡሽ ተሞልቶ ታገኛለህ፣ እግር እየረገጠ እየረገጠ የሰውየውን እግር ቅርፅ ይዟል፣ የሰውየው እግር ደግሞ ያንተ አይደለም። አውጥተው አዲስ ቡሽ እንዲሞሉልህ ንገራቸው። ዌልቱንም አየት አድርግ፣ ከዚህ በፊት ሶሉ ተቀይሮ ከሆነ የድሮው ስፌት ቀዳዳ ከአዲሱ አጠገብ ይታያል። ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ዌልቱም ይቀየራል፣ ሥራው ይከብዳል ግን ይቻላል።

ያልገባው ሰው እንዲለይ፣ ጫማው ውስጥ እጅህን ስትከት ሶሌታው ስር ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት ከዳበስክ ያ ሌላ አሰራር ነው፣ ብሌክ ይባላል፣ ጣሊያኖች የሚወዱት። እሱም መጥፎ አይደለም ቀለል ያለ ነው ግን የሚቀይረው ማሽን ሁሉም ጋ የለም።

የአርሊንግተኑ፦
ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው እግዜር ይስጥልኝ። የድሮ ቀዳዳ አላየሁም፣ ሶሉ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ። ከማሰፋቱ በፊት ራሴ የማደርገው ነገር አለ? ደርቋል ትንሽ

ጫማ_ሰሪው፦
መጀመሪያ አታጥፈው። ደረቅ ቆዳ ሳይረጥብ ከታጠፈ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም፣ መሙያ ይቀቡታል ግን ሁለት ጊዜ ስትራመድ ይነሳል።

ሪስቶር_ኪንግ፦
እኔ ብሆን አሴቶን በጥጥ አድርጌ የድሮውን ፖሊሽ በሙሉ አወርደውና ጥቁር ቀለም እቀባዋለሁ። ሰርግ ላይ ወይን ጠጅ ጫማ ከጥቁር ሱፍ ጋር አይሄድም ሙድ የለውም። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሰሩት አዲስ ይሆናል

ባለፎርማ_ዩኬ፦
ኧረ በማርያም!! አሴቶን በሼል ላይ? ፖሊሹን ብቻ መሰለህ የሚያወርደው፣ የቆዳውን ፊት አብሮ ነው የሚወስደው፣ ያ መስታወት የመሰለው ነገር ደብዝዞ ይቀራል። ጥቁር ማድረግ ደግሞ አንድ መንገድ ነው መመለሻ የለውም። ጥቁር ከፈለገ ጥቁር ጫማ ይግዛ።

ሪስቶር_ኪንግ፦
አቦ አንተ ሙዚየም ልታስገባው ነው እንዴ? ጫማ ለማድረግ ነው የተሰራው። እኔ ስንቱን ጫማ እንደዛ አድርጌ ሸጫለሁ ማንም አላማረረም

ባለፎርማ_ዩኬ፦
የጥጃ ቆዳ ላይ ከሆነ እስማማለሁ፣ በተለይ ዓመት ሙሉ ሰም በሰም ላይ እየተለጠፈ ቅርፊት የሰራ ካለ መውረድ አለበት፣ አሴቶን ከማድረግህ በፊት ግን ቀለል ያለውን ማፅጃ ሞክር። ሼል ሌላ ነው የምልህ ለዛ ነው። የዚህ ጫማ ግማሽ ዋጋው እኮ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ዕድሜና ፖሊሽ የሰራው፣ ስፌቱ አካባቢ ጠቆር ብሎ አፍንጫው ላይ ቀላ የሚለው። እሱን የሚሰራ ቀለም ጣሳ ውስጥ አይሸጥም።

ለአርሊንግተኑ፦ እንዲህ አድርግ። ማሰሪያውን አውጣ፣ ሴዳር ከሚባለው እንጨት የተሰራ የጫማ ፎርማ ካለህ ክተትበት ከሌለህ ጋዜጣ ጠቅጥቅ። ጨርቅ በውሃ ነክረህ በደንብ ጨምቀህ (እርጥበቱ እጅህ ላይ እምብዛም የማይታወቅህ ያህል) ሙሉውን ጥረገው፣ ውሃ አታብዛ ሼል ላይ ጠብታ ሲያርፍ እብጥ እብጥ ይላል። ሲደርቅ በፈረስ ፀጉር ብሩሽ ጠንክረህ ቦርሽ፣ ለእያንዳንዱ እግር አምስት ደቂቃ ስጠው ክንድህ እስኪዝል። ብዙው ውበት ከዚህ ነው የሚመጣው ከክሬም አይደለም። ከዛ ሬኖቫተር የሚባለውን ክሬም የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ በጣትህ አሸት አድርግበት፣ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ጠዋት እንደገና ብሩሽ። መታጠፊያው ማዕበል ላይ የቆዳው ፊት ሻከር ካለ የማንኪያ ጀርባ ወስደህ ጫን እያልክ ወዲህ ወዲያ አሸው፣ ይተኛል። የአጋዘን አጥንት የሚሸጡልህ ለዚሁ ነው ማንኪያ ያው ነው።

ሻምበል79፦
የእማማን ማንኪያ ለሟች ጫማ አሁንስ በዛ ሃሃሃ

ሰብለ_ሚኒያፖሊስ፦
እኔም ልጠይቅ ከተሰበሰባችሁ አይቀር። አባቴ ለንደን ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ቸርች የሚባል ጥቁር ኦክስፎርድ አለው፣ ሰርግና ቀብር ብቻ ነው የሚያደርገው። እዚህ ስመጣ ሶሉን አሰሪልኝ ብሎ ሰጠኝ። ውስጡ ለንደን ኒውዮርክ ብሎ ዘውድ የመሰለ ምልክት አለው። የድሮ ነው?

ባለፎርማ_ዩኬ፦
ሰብልዬ አባትሽ ዕቃ ያውቃሉ። ቸርች በ1873 ኖርዝሃምፕተን የተመሰረተ ነው፣ ኖርዝሃምፕተን ማለት የእንግሊዝ ጫማ መንደር በይው፣ ክሮኬት ኤንድ ጆንስ (1879) ኤድዋርድ ግሪን (1890) ሁሉም እዛው ናቸው። ቸርች ሶሌታው ላይ ሱቅ ያለባቸውን ከተሞች ያትማል፣ ከተማው በበዛ ቁጥር ጫማው አዲስ እየሆነ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ከተማ ብቻ ካለው የቆየ ነው። ፕራዳ ቸርችን በ1999 ገዝቶታል፣ ሰብሳቢዎች ከዛ በፊት ያለውን ነው የሚያሳድዱት፣ በተለይ 73 የሚባለውን የድሮውን ፎርማ (ጫማው ሲሰራ የሚወጠርበትን የእግር ቅርፅ)፣ በኋላ በ173 ተተክቷል። ቁጥሩ ጫማው ውስጥ ገበሩ ላይ በእጅ ተፅፎ ይኖራል እይው።

ሶሉን የሚሰራ ሰው ስትመርጪ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፣ ትሰፋለህ ወይስ ትለጥፋለህ? መልሱን ሰምተሽ ወስኚ። የአሜሪካው ጫማ አምራች አለን ኤድመንድስ እንደሚያደርገው ጫማውን ፋብሪካ መልሶ የሚያድስ አገልግሎት ያላቸውም አሉ ግን የራሳቸውን ብራንድ ነው የሚቀበሉት በአብዛኛው።

ሰብለ_ሚኒያፖሊስ፦
73 ይላል!!! አባቴን ደውዬ ስነግረው «ድሮስ» አለኝ በቃ ሌላ ምንም አላለም

የፒያሳ_ልጅ፦
እናንተ ሴዳር ሬኖቫተር ምናምን ትላላችሁ፣ እኛ እዚህ አዲሳባ ምን እናድርግ? አጎቴ የሰጠኝ የጣሊያን ጫማ አለ ቆዳው ደረቅ ነው። ሊስትሮው ጋ ስወስደው ኪዊ ለቅልቆ ሰጠኝ ለሁለት ቀን አበራ ከዛ ያው ሆነ። ሰፈር ያለ ልጅ ደግሞ ቤንዚን በጨርቅ አድርገህ ጥረገው ይላል

ጫማ_ሰሪው፦
ቤንዚን አታድርግ ልጄ። የቀረውን ዘይት ነው የሚያወጣብህ። የሊስትሮው ጥፋት የለም፣ የጣሳ ፖሊሽ ሰም ነው፣ ከላይ ያበራል ውስጥ አይገባም። ደረቅ ቆዳ የሚፈልገው የሚገባ ነገር ነው። በቱቦ ወይ በጠርሙስ የሚሸጥ ነጭ ወይ ቀለም የሌለው የቆዳ ክሬም መርካቶ ጫማ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ፣ ከነሱ ነው ጫማ ሰሪው ሁሉ የሚገዛው። ስስ አድርገህ ቀባ፣ አሳድር፣ ድገም። አንዴ በብዛት አትለቅልቅ ቆዳው ይላላል። የምግብ ዘይት የሚሉህም አሉ፣ ይሸታል በኋላ፣ ተው። በጋዜጣ ጠቅጥቀህ ጥላ ላይ አስቀምጠው፣ ፀሃይ ላይ አይሁን። ከሳምንት በኋላ ሊስትሮውን ፖሊሽ በለው፣ ያን ጊዜ የሱ ሥራ ይታያል።

የፒያሳ_ልጅ፦
እሺ ጋሼ ተባረኩ። ግን አጎቴ ሌላም ሰጥቶኝ ነበር፣ ካርቶን ውስጥ ሳይደረግ የተቀመጠ አዲስ የነበረ፣ አንድ ቀን አድርጌው ስወጣ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ መንገድ ላይ

ባለፎርማ_ዩኬ፦
እሱ ፖሊዩሬቴን ሶል ነው፣ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ ሳይደረግ መቀመጡ አያድነውም። ለዚህ ነው የቆየ ጫማ ስትገዙ ሶሉ የቆዳ መሆኑን እዩ የምንለው፣ የፕላስቲክ አረፋ ዓይነት ከሆነ መልኩ ምንም ቢያምር በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት። ላዩ ጥሩ ቆዳ ከሆነ አትጣለው አዲስ ሶል ሊደረግለት ይችላል።

የአርሊንግተኑ፦
ሰላም ተመለስኩ። እንዳላችሁኝ አደረግኩት፣ ብሩሹ እውነትም ክንድ ይገድላል ግን ቀለሙ ወጣ፣ ከጨለማ ሲያዩት ጥቁር ብርሃን ላይ ደግሞ የደም ቀለም። ሶሉን እዚሁ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚሰፋ ሽማግሌ ኮሪያዊ አግኝቼ ሰጠሁ፣ 140 ዶላር፣ የቆዳ ሶል፣ ቡሹን ሲያወጣው አየሁት ጋሼ እንዳሉት የሰውየው ጣቶች ቅርፅ ነበረበት። ቪዋን ብረት መልሶ ይግጠማት ወይስ ይተዋት ብሎ ጠይቆኛል። የእህቴ ቤት ወለል ላይ ሞክሬ ልሸራተት ነበር

ጫማ_ሰሪው፦
ይግጠማት። ተረከዝ የሚያልቀው በዛ ጥግ ነው፣ የተሰራችው ለዛ ነው። ለመሸራተቱ መፍትሄው የሶሉ ፊት ላይ ነው፣ አዲሱ የቆዳ ሶል ትንሽ ተረግጦ ከሻከረ በኋላ ቀጭን ጎማ ፊቱ ላይ ብቻ ያልብስልህ። እዚህ ላይ ማስቲሽ ይፈቀዳል፣ ዌልቱን አይነካም።

ሪስቶር_ኪንግ፦
ፎቶውን አየሁት፣ እሺ ጥቁር ባይሆንም ያምራል። ሱፉን ግን ግራጫ አድርገው

የፒያሳ_ልጅ፦
ሌላ እንደዚህ ካገኘህ ለኔ፣ 42 ነው የማደርገው

ባለፎርማ_ዩኬ፦
42 በአሜሪካ 9 አካባቢ ነው ግን በቁጥር ብቻ አትግዛ። የድሮ የአሜሪካ ጫማ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ስፋቱ ነው፣ ዲ መደበኛ ነው፣ ሲ ጠበብ ይላል ኤ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው፣ ኢ ሰፊ። ወረቀት ላይ ቆመህ ሁለቱንም እግርህን በእርሳስ ዙርና ርዝመቱንም የሰፊውን ቦታ ስፋትም ለክተህ ላክለት፣ ማታ ላይ ለካው እግር ያብጣል።

የፒያሳ_ልጅ፦
ርዝመት 26 ተኩል ሴንቲ፣ ስፋት 10። ቀኝ እግሬ ትንሽ ይበልጣል

የአርሊንግተኑ፦
ያዝኩት። ስገኝ ነው ግን፣ ቀጠሮ የለውም